ሽማግሌ የመለሰች አሞራ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ደንዲ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነበር፤ ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ጥቅምት። ጊንጪ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያን ቀን ተማሪዎቼን ወፍ ላሳያቸው ይዣቸው ወጥቻለሁ። ከእኛ ትንሽ ፈንጠር ብሎ አንድ ቀጭን ልጅ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችን ሐይቁን ያስጎበኛል። ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ጥርሱን እያሳየ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋና ጮኸ።

«ንስር! ያውላችሁ! የደንዲ ንስር!»

እንግዶቹ ስልካቸውን ወደ ላይ አነሱ። እኔም ቀና አልኩ።

ቁራ ነበር። እናንተዬ... ቁራ! ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ከሩቅ የሚታይ፣ ምንቃሩ የወፈረ፣ ሰፈራችን ቆሻሻ ላይ የምናየው ቁራ!

ደሜ ፈላ። ሰው ፊቴ ሲዋሽ ዝም ማለት አልችልም፤ እማዬ «በርበሬ ነው የወለድኩት» የምትለኝ በከንቱ አይደለም። ተማሪዎቼን ትቼ ሄድኩበት።

«ስማ! ቁራ እኮ ነው እሱ!»

ዞር አለ። ፈገግታው ንቅንቅ አላለም።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለኝ በሹክሹክታ። ተማሪዎቼ ሲጠሩኝ ሰምቷል።

«ታውቃለህ?!»

«ማሎ፣ እባክሽ ቀስ በይ... ይሄን ሁሉ መንገድ የመጡት ንስር ሊያዩ ነው። ቁራማ ሰፈራቸውም ሞልቷል።»

«ስለዚህ ትዋሻቸዋለህ?»

«ደስ አላቸው አይደል?»

ወደ እንግዶቹ ዞርኩና ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ይቅርታ፣ ያነሳችሁት ቁራ ነው!» ስልኮቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ። አንዷ ሴትዮ ሳቀች። የልጁ ፊት ቲማቲም መሰለ። እሰይ፣ አልኩ በልቤ፤ የእጁን አገኘ።

ሲመሽ እንግዶቹን ሸኝቶ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ሰማዩን እያየ ጠየቀኝ።

«እንዴት አወቅሽው? ሳይቀመጥ፣ እየበረረ... እንዴት ታውቂያለሽ?»

ቶኩማ ይባላል። እንዲህ ነው የጀመርነው፤ በስድብ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እንግዳም ቀረ። እኔ ሥራ ፈት፣ እሱም ሥራ ፈት። ባይኖኩላሬን ይዤ ጭልሞ ጫካ እገባለሁ፤ እሱ ቀድሞኝ ደርሶ ይጠብቀኛል። አስተማርኩት። ለሀገሬው ሰው የሚያንዣብብ ትልቅ ነገር ሁሉ አሞራ ነው፤ ከዓመት እስከ ዓመት «አሞራ» ይልና ያልፋል። እኔ ግን ጅራት አሳየሁት፣ የክንፍ ጫፍ አሳየሁት። ሳቢሳ አንገቱን አጥፎ እንደሚበር፣ ጋጋኖ አንገቱን ዘርግቶ እንደሚሄድ፣ ጭልፊት ሲዞር ጅራቱን እንደሚያጣምም ነገርኩት። ሲሳሳት እቆጣለሁ፤ ሲያመነታ ይብስብኛል።

«እ... ቲቸር... ምናልባት...»

«ምናልባት የሚባል ወፍ የለም! ስታስብ ወፏ ትሄዳለች። ያየኸውን ወዲያው ጥራ! ሳታስብ!»

ለመደ። ገና ከዛፉ ጀርባ ብቅ ሲል ስሙን ይጠራል። ያ ቁራን ንስር የሚል ቀጣፊ ከእኔ ጋር ሲውል ሌላ ሰው ሆነ። እንግዶች ሲመለሱ «ንስር አለ?» ብለው ሲጠይቁት «ዛሬ የለም፤ ቁራ ግን ላሳያችሁ» ይላቸው ጀመር። ኮራሁበት! እውነቴን ነው፣ በጣም ኮራሁበት።

አንድ ቀን ጭልሞ ውስጥ፣ ከጥዱ በላይ አንድ ሆዷ ነጭ ጅራቷ ቀይ ጭልፊት እየዞረች አለፈች። ቶኩማ ዝም አለ።

«አመለጠችህ!» አልኩት በቁጣ።

«አላመለጠችኝም።»

«እንዴት አላመለጠችህም? ቀና እንኳ አላልክም!»

«እኔ የማየው አላመለጠኝም፣ ፍቅሬ።»

እኔን ነበር የሚያየው። ቲቸር ማለቱን ትቶ ፍቅርአዲስን አሳጥሮ «ፍቅሬ» ያለኝ ያን ቀን ነው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ... ቃል አጣሁ። እኔ ቃል ሳጣ ያየ ሰው ካለ እሱ ብቻ ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ ሀብተሥላሴ የጊንጪ እህል ነጋዴ ነው። አያት ቅድመ አያቱ ከቡልጋ መጡ ይባላል፤ እሱ ግን ከአማርኛው ይልቅ በኦሮምኛው ይቀልዳል። ቶኩማን ገበያ ላይ አይቶታል። ጢሙን እያሻሸ ቆየና «ልጁ ጨዋ ነው። በወጉ ሽማግሌ ይላክ» አለ። ይህች «በወጉ» የምትል ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ተቀጠረ። እማዬ ዶሮውን ሠርታ ጨርሳ ምንም እንደማያውቅ ሰው ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ከዕድር ወንበር መጣ። አባዬ ለፋሲካ የሚለብሰውን ኮት ለበሰ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ በር ስንጥቅ ላይ ዓይኔን ተክያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጁን እየጠረገ ነው፤ እሑድ ጠዋት ይሄ ሁሉ ሰው ደጁን የሚጠርገው ለንጽሕና እንዳይመስላችሁ።

ጠበቅን። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ዶሮው ቀዘቀዘ። አባዬ ኮቱን አወለቀ፤ መልሶ ለበሰ። ደጅ ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያወራሉ። ከሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ።

«ፍቅሬ...»

«የት ደረሱ?»

«ተመለሱ።»

«ማን?»

«ሽማግሌዎቹ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«ለምን?!»

በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ሞኙን ቃል ሰማሁ።

«አሞራ አየን።»

ስልኩን ወረወርኩት። ሶፋው ላይ ባያርፍ ኖሮ ዛሬ ስልክ አይባልም ነበር።

ለእማዬ ነገርኳት፤ እማዬ ለአባዬ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ድምፅዋን ሳትቀንስ «የቁራ መልእክተኛ ሆኑ በሉኛ!» ስትል ሰማናት። ሳቁ ግቢያችን ድረስ ገባ። አባዬ ያን ባዶ ወንበር ሁሉ አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ማርያምን!» አለ። «ከዛሬ ወዲያ ከዚያ ቤት አንድም ሰው በሬን አያልፍም!»

አባዬ በማርያም ከማለ አለቀ። ወንበሮቹን ራሱ ተሸክሞ መለሰ።

በማግስቱ ጭልሞ ሄድኩ። የእግሬ ኮቴ ብቻ ወፍ ያባርር ነበር። ቶኩማን ከጫካው አፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል። አላዘንኩለትም።

«ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

«ማለዳ ነው የተነሳነው። እኔ እስከ መኪና መንገዱ ላደርሳቸው ነበር። አካኮ ከፊት ነው የሚሄደው...» አያቱን አካኮ ነው የሚላቸው፤ ኦቦ ሙለታን። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታለች፤ አባቱ ወለጋ ሄዶ ሌላ ትዳር መሥርቷል። «ከገደሉ በላይ አንድ ወፍ መጣና መንገዱን አቋረጠ። አካኮ ቆመ። ዓይኑ ሩቅ አያይለትም። ‹ምንድን ነው?› አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ‹ጩሉሌ ነው፤ ጭልፊት ነው፤ እንሂድ› አሉት።»

«እሺ። ጭልፊት ነው፤ እንሂድ። ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔ...»

«አንተ ምን?»

«‹ጥንብ አንሳ ነው፣ አካኮ› አልኩት።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«ማንም!»

«ጅራቱ አጭር ነበር ፍቅሬ። ጭልፊት ቢሆን ጅራቱ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ይሄኛው አንዴ እንኳ ክንፉን አላርገበገበም፤ የክንፉ ጫፍ እንደ ጣት ተከፍቶ...»

«ጅራቱን አትንገረኝ!» ጮህኩ። ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ተንጫጩ። «ሁለት ሽማግሌ ጭልፊት ነው ብለው ተስማምተው! እኔ ጓዳ ተደብቄ እየጠበቅሁ! እናቴ ዶሮ ሠርታ! አንተ መንገድ ላይ የወፍ ትምህርት ትሰጣለህ?!»

«አፌ ቀደመኝ። መንገድ የሚያስመልስ መሆኑን አላወቅሁም። ማሎ... ሳታስብ ጥራ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ስለዚህ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ?»

«አላልኩም።»

«ብለሃል! አሁን ብለሃል!»

«ፍቅሬ፣ ብዋሽስ ኖሮ? የሚያገባሽ ያ የድሮው ቀጣፊ ይሆን ነበር።»

«እሱን መልሱልኝ! ቀጣፊውን አምጡልኝ! እሱ ቢሆን ‹እርግብ ናት› ብሎ እስካሁን አግብቶኝ ነበር!»

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ሊያመልጠው ነው። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ በንዴት። ሲያየኝ ሳቁ ጠፋ። እጄን ያዘ።

«እንጥፋ» አለኝ። «አምቦ ገብተን እንኖራለን። ቆይተው ይታረቁናል።»

«እኔ ከአባቴ ቤት እንደ ሌባ አልወጣም። በበሩ ነው የምወጣው፤ እየተዘፈነልኝ።» እጄን ነጠቅሁት። «ጥንብ አንሳ ምን አድርጓቸው ነው?»

«አላውቅም። ጠየቅሁት፤ አይናገርም። ግን ስሙን ስጠራ አካኮ ከዘራውን ጣለ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ ፍቅሬ።»

ንዴቴ አልበረደም፤ አድራሻ ቀየረ እንጂ።

ለሳምንታት አባዬን ለመንኩ፤ ግድግዳ መለመን ይሻላል። እማዬን ላክሁ፤ ሰማችኝ እንጂ አልሆነላትም። ዓቢይ ጾም ሲቃረብ፣ የሠርግ ወሬ ሁሉ ከተማው ውስጥ ሲያልቅ፣ የእኔም ነገር በዚያው እንደሚያልቅ ገባኝ። አባዬ አንድ የአምቦ ሰው ለወንድ ልጁ ሊጠይቀኝ እንደሚፈልግ ለእማዬ ሲነግራት በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ ሴት ልጅ የማታደርገውን አደረግሁ። ተነስቼ ደንዲ ወጣሁና፣ ቶኩማ እንግዳ ይዞ በወጣበት ሰዓት፣ ሽማግሌ ሊልክልኝ የነበረው ቤት ራሴ ሄድኩ።

ኦቦ ሙለታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቀንበር ይጠርባሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ማን እንደሆንኩ ወዲያው አወቁ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ደህና ነሽ ወይ፣ ልጄ። ከዚያም በአማርኛ፤ «ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም፣ ኦቦ ሙለታ። እርስዎም ቤታችን መጥተው አልተቀመጡም።»

ፋሳቸውን መሬት አደረጉ። ድፍረቴ ራሴንም አስደነገጠኝ፤ ግን ጀምሬዋለሁ።

«ምን አጠፋሁ? እናቴ ምን አጠፋች? አባቴ ኮቱን ለብሶ ደጅ ደጁን ሲያይ ዋለ። ሰፈር ሳቀብን። አንዲት አሞራ ናት! ጥንብ ስትፈልግ በዚያ አለፈች! ስለ እኔ ምን ታውቃለች?»

ተናግሬ ስጨርስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ስለ አንቺ አይደለም» አሉ። «ስለ ጂቱ ነው።»

«ጂቱ ማን ናት?»

«የቶኩማ እናት።»

ተቀመጥኩ። ማንም ሳያስቀምጠኝ።

«ለልጄ ለኤጄታ ጂቱን ልንጠይቅ የሄድን ቀን» አሉ ኦቦ ሙለታ፣ ቃሉን ከሩቅ እየጎተቱ «በዚያው መንገድ ላይ ጥንብ አንሳ አለፈ። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር፤ ራሴ ነኝ ያየሁት። አብሮኝ ያለው ሽማግሌ ‹ሚልኪው መጥፎ ነው፤ እንመለስ› አለኝ። ሳቅሁበት። ሄድን፤ ሰጡን። ጂቱ ቤቴ ገባች... ስትስቅ ቤቱ ይሞላ ነበር። ቶኩማን ስትወልድ ደሟ አልቆም አለ። በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን። ዝናብ ነበር፤ ጭቃው እስከ ጉልበት። መኪና መንገዱ ጋ ሳንደርስ...»

አልጨረሱትም።

«ቶኩማ ያውቃል?»

«እናቱ እንደሞተች ያውቃል። በእሱ መወለድ መሆኑን አያውቅም። ምን ብዬ ልንገረው? ያን ቀን ጥንብ አንሳ ነው ሲለኝ... ልጁ ራሱ፣ በገዛ አፉ... አንቺን በቃሬዛ ላይ ተጋድመሽ አየሁሽ፣ ኢንተላ ኮ። ጠልቼሽ አይደለም የተመለስኩት። ፈርቼልሽ ነው።»

እዚህ ላይ ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ተነሳሁ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ነደድኩ።

«ጂቱን አሞራ አልገደላትም!»

«ልጄ...»

«አይ! ይስሙኝ! ወፍ ሰው አይገድልም! ጂቱን የገደላት መንገድ ማጣት ነው! አዋላጅ ማጣት ነው! ደሟ ሲፈስ የሚያቆምላት አንድ ሰው ማጣት ነው! እርስዎ ያን ቀን ቢመለሱም ሌላ ሽማግሌ ይጠይቃታል፣ ሌላ ቤት ትወልዳለች፣ እዚያም ጭቃ ነው! ይሄን ሁሉ ዓመት ራስዎን የሚወቅሱት ለምንድን ነው? ለምን አይቆጡም? ጂቱ ወጣት ነበረች! ማነው መንገድ ያልሠራላት? ማነው ሐኪም ያላመጣላት? ያንን ሁሉ ትተው ሰማይ ላይ ያለች አሞራ ይከሳሉ?!»

ድምፄ ሐይቁ ላይ ሄዶ ተመለሰ። አሁን ያባርሩኛል ብዬ አሰብኩ።

ኦቦ ሙለታ አላባረሩኝም። ዓይናቸውን አበሱ፤ በመዳፋቸው፣ እንደ ሕፃን።

«ሰው ሁሉ አጽናንቶኛል» አሉ። «‹ቀኗ ነው› አሉኝ። ‹የዋቃ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው› አሉኝ። ለጂቱ የተቆጣላት ሰው ግን አላየሁም። እኔም ፈራሁ እንጂ አልተቆጣሁላትም። አንቺ... አይተሻት እንኳ አታውቂም።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ለማላውቃት ሴት አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ላሟ አጥር ላይ አፍጥጣ ታየናለች።

«ሂጂ» አሉኝ በመጨረሻ። «ለቶኩማ እኔ እነግረዋለሁ። ለአባትሽም እኔ እመጣለሁ።»

«አባዬ በሩን አይከፍትም። በማርያም ምሏል።»

«እቆማለሁ። ሽማግሌ መቆም ነው ሥራው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ገበያ ቀን ነው፤ ጊንጪ ሞልታለች። መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። ከመናኸሪያው እስከ እኛ ሰፈር ሰው እየተቀባበለ ይስቃል። በስንጥቁ አየሁ። ደመና የሌለበት፣ አናት የሚበሳ የየካቲት ፀሐይ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። መሃል ያሉት ኦቦ ሙለታ ትልቅ ጥቁር የዝናብ ጃንጥላ ዘርግተው እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገውታል። ከፊታቸው ያለውን አያዩም፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ ክንዳቸውን ይዘው ይመሯቸዋል። ግንባራቸው ላይ ትኩስ እብጠት አለ።

በራችን ጋ ቆሙ። ተዘግቷል።

«ቤቶች!» አሉ አንደኛው።

አባዬ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ የማይቆጠር ነገር ይቆጥራል። ሰምቷል። ቀና አላለም።

«ሀብተሥላሴ» አለች እማዬ። «ሽማግሌ ደጅህ ቆሟል።»

«ማርያምን ብያለሁ፣ ደስታነሽ።»

«ማርያም ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አቁሙ አላለችም።»

«ሰፈሩን አስቀውብኛል! እኔን! በአሞራ!»

ጓዳ ውስጥ መቆየት ነበረብኝ። የወግ ነው። ግን ወግ እስካሁን የሠራኝን አይታችኋል። ወጣሁ።

«አባዬ! አንተስ ባለፈው ዓመት ድመት አቋረጠችህ ብለህ ከሆለታ መንገድ ጤፍ ጭነህ አልተመለስክም?»

«አንቺ! ግቢ!»

«አልገባም! እሳቸው ቢያንስ የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው፤ ሰው ሞቶባቸዋል! አንተ ከድመት ጋር ምን አለህ? እሳቸው ሽማግሌ ሆነው፣ ፈርተው፣ ግን መጡ። አንተ ሳትፈራ በር ዘግተህ ተቀምጠሃል!»

አባዬ ሊናገር አፉን ከፈተ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም። ደጅ ላይ ኦቦ ሙለታ ሲያስሉ ተሰማ።

አባዬ ተነሳ። ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደና ለበሰ። በሩን ከፈተ፤ ግን መሃሉ ላይ ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ኦቦ ሙለታ» አለ ጃንጥላውን እያየ። «ፀሐዩ ከበደዎት?»

«ፀሐይ አይደለም፣ ልጄ። ሰማይ ነው።» ጃንጥላውን አልቀነሱም፤ ለአባዬ ጫማ ነው የሚያወሩት። «ዓይኔ ካየ እግሬ ይመለሳል። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዓይኔን ከለከልኩት። ከደንዲ እስከ መኪናው ጫማዬን እያየሁ መጣሁ፤ አንድ ባሕር ዛፍ መታኝ። መኪና ውስጥ ጨፈንኩ። አሁንም እፈራለሁ። ግን ይቺን ልጅ ከፍርሃቴ አብልጬ ፈለግኋት። ያን ቀን ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። ልጅህን ለልጄ ስጠኝ።»

ከሰፈሩ አንድም የሚስቅ አልነበረም። አባዬ እጁን ዘርግቶ የጃንጥላውን እጀታ ከኦቦ ሙለታ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደ። አጠፈው።

«ማርያም ትማረኝ» አለ። «ይግቡ። ከዚህ ወዲያ ጣሪያ ነው፤ ሰማይ አይታይም።»

ዶሮ አልተሠራም ነበር፤ ጾሙ ገና ባይገባም፣ ዛሬ እንደሚመጡ ማን አውቆ! እማዬ በሩጫ ሽሮ ሠራች። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሽሮ የለም።

ማታውን ቶኩማ ደወለ። ድምፁ ጎርንኗል።

«አካኮ ነገረኝ። ስለ እናቴ... ሁሉንም።»

«እንዴት ነህ?»

«አላውቅም። ስለ እሷ ምን አልሻቸው?»

«ጮህኩባቸው።»

«አመሰግናለሁ» አለኝ። «እኔ ሳልቆጣላት ነው ያደግሁት። ማንም አልነገረኝም።»

በዳግም ትንሣኤ ተጋባን። በአባቴ በር ወጣሁ፤ እየተዘፈነልኝ።

በቀጣዩ ዓመት የመውለጃዬ ወር ሲደርስ እንደ እብድ አደረገኝ። ቶኩማን፣ አባዬን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ባለ መኪናውን፣ ሁሉንም ጨቀጨቅሁ። ገና ምጥ ሳይመጣ አምቦ ወስዳችሁ አስቀምጡኝ አልኩ። «ገና ነው እኮ» ያለኝን ሁሉ አፉን አዘጋሁት። ወሰዱኝ። ሊነጋ ሲል ወለድኩ፤ ደሜ ትንሽ በዛ፤ ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ዶክተሩ መጣ፤ ደሙ ቆመ። ሰምታችኋል? ቆመ። ሰው ስለነበረ ቆመ።

ጠዋት ኦቦ ሙለታ ገቡ። ጃንጥላ አልያዙም። እንዴት እንደመጡ፣ በመንገድ ላይ ምን እንዳዩ አልጠየቅኋቸውም፤ አልነገሩኝምም። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ በደንብ፣ ረጅም ጊዜ። ግንባሬን ዳሰሱ። ከዚያ ነው ሕፃኗን ያዩት።

«ጂቱ እንበላት?» አለ ቶኩማ ቀስ ብሎ።

ኦቦ ሙለታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጂቱ የራሷን ስም ይዛ ሄዳለች። ይቺ የራሷ ይኑራት። ቢፍቱ በሏት፣ የፀሐይ ጮራ፤ ከፀሐይ ጋር ነው የመጣችው።»

ቢፍቱ ያን ጊዜ ነቃች። ፊቷን ጨምድዳ፣ ጡጫዋን ጨብጣ፣ ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው። ቶኩማ ደንግጦ ሊያባብላት አነሳት። «እሽሩሩ፣ እሽሩሩ... ማሎ፣ ዝም በይ...»

ኦቦ ሙለታ ክንዱን ያዙት። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ይስቃሉም።

«ተዋት» አሉት። «ትቆጣ።»